ከእናት ጉያ፦ በካናዳ ነባር ሕዝቦች ወጣት ነፍሰ ጡሮች ላይ ሱስን የሚያበረታው ምንድን ነው?

በነሐሴ 1996 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ የአንዲት የ22 ዓመት ወጣት ጉዳይ ዳኛ ፊት ቀረበ። ወጣቷ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ወገን ናት፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሱሷ ሙጫ መሳብ ነው፤ የእኛ አገር የጎዳና ልጆች ማስቲሽ የሚሉት ዓይነት፣ በርካሽ የሚገኝ፣ ረሃብንና ብርድን ለጥቂት ሰዓት የሚያስረሳ፣ አእምሮን ግን ቀስ በቀስ የሚጨርስ። ከዚያ በፊት የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በመንግሥት እጅ ነበሩ። የልጆች ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ፅንሱን ለማዳን እሷን በግድ ይዞ ለማሳከም ፈቃድ ጠየቀ፤ ዳኛውም ፈቀዱ። ይግባኝ ተባለ፤ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ። በጥቅምት 1997 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ፣ ለእንዲህ ያለው ትእዛዝ የሕግ መሠረት የለም ተብሎ ተወሰነ።

የሕግ ሰዎች ይህን ፍርድ ሲያነሱ የሚከራከሩት ፅንስ በሕግ ፊት ሰው ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ነው። እኔን የያዘኝ ግን የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ማክላክሊን ያሰፈሩት ሌላ ነገር ነው። ይህች ልጅ በዚያው እርግዝናዋ ቀደም ብላ፣ በራሷ እግር ሄዳ፣ ሕክምና ጠይቃ ነበር። ቦታ የለም ተብላ ተመለሰች። ስትለምን በሩን የዘጋባት አገር፣ ወራት ቆይቶ በግድ ሊያስገባት ፍርድ ቤት ቆመ ማለት ነው። በታኅሣሥ 1996 ወለደች፤ ልጇም ጤነኛ ነበር።

ስለ ነባር ሕዝቦች ወጣት እናቶችና ስለ ሱስ የተጻፈውን ባገላበጥኩ ቁጥር ወደዚያ የተዘጋ በር እመለሳለሁ። ሕዝቡ የሚጠይቀው «ልጅ በሆዷ ይዛ እንዴት አታቆምም?» ብሎ ነው። ጥያቄው ጨካኝ ባይመስልም መልሱን አስቀድሞ በእሷ ጫንቃ ላይ ይጥለዋል። እኔ በዚህ ዳሰሳ የማየው ከእሷ ውጭ ያለውን ነው፤ ማን አሳደጋት፣ የት ታድራለች፣ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ምን ይገጥማታል፣ ከወለደች በኋላ ልጁን ማን ይዞት ይሄዳል።

አስቀድሞ መነሣት ያለበት አንድ ውሸት አለ። የካናዳ ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑዊትና ሜቲስ፣ በ2021 ቆጠራ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ ከአገሩ ሕዝብ 5 በመቶ። ስለ እነሱ ለዘመናት ሲነገር የኖረው «ደማቸው መጠጥ አይችልም» የሚል ነው። ምርምር ይህን አላረጋገጠም። እንዲያውም ፈርስት ኔሽንስ ራሳቸው በ2002 እና በ2003 ባካሄዱት የጤና ጥናት፣ ባለፉት 12 ወራት መጠጥ ቀመስኩ ያለው አዋቂ ከመቶ 66 ገደማ ሲሆን፣ በአጠቃላዩ የካናዳ ሕዝብ ዘንድ ግን 79 ገደማ ነበር። ጨርሶ የማይጠጣው ሰው በእነሱ ዘንድ ይበዛል። የሚጠጣው ደግሞ በአንድ ቁጭታ ብዙ የመጠጣት ልማድ አለው፤ ይህም የራሱ ታሪክ አለው። የካናዳ ሕግ ነባሮቹን ለብቻ ለይቶ ለረጅም ዘመን መጠጥ ከልክሏቸዋል። ከተከለለላቸው መሬት ውጭ ሰክሮ የተገኘ ነባር ወንጀለኛ ነበር። ይህን ድንጋጌ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሻረው ገና በ1969፣ ድራይቦንስ በተባለ ሰው ጉዳይ ነው። ተደብቆና ቶሎ ቶሎ መጠጣትን ያስተማረው ይኸው ክልከላ ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ፤ እኔም ያሳምነኛል።

በእርግዝና ጊዜ በብዛት የሚወሰደው ደግሞ ሰው እንደሚያስበው ሄሮይን አይደለም፤ ሲጋራ ነው። በ2005 የታተመ አንድ የማኒቶባ ጥናት በእርግዝናቸው ወቅት ያጨሱ ነባር እናቶች ከመቶ 61 ገደማ፣ ሌሎቹ ደግሞ 26 ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። ከማጨስ ጋር አብረው የተገኙት ነገሮች ደጋፊ ማጣት፣ ያለ ትዳር ብቻን መሆንና የእርግዝና ክትትል መጉደል ናቸው። ትንባሆ በብዙዎቹ ፈርስት ኔሽንስ ዘንድ የጸሎትና የምስጋና ቅጠል ነው፤ ለሽማግሌ የሚበረከት፣ ለምድር የሚቀርብ። በፓኬት የሚሸጠው ሲጋራ የዚያ ክብር ወራሽ አይደለም። ስለዚህ ከነባሮቹ ወገን የሆኑ የጤና ሠራተኞች ሲያስተምሩ ሁለቱን ለይተው ነው፤ «ትንባሆ ክፉ ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው ከመጀመሪያው ቃሉ ጆሮ ያጣል።

አሁን ወደ ሥሩ። በካናዳ ከ130 በላይ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ መንግሥት ገንዘቡን እየሰጠ፣ አብያተ ክርስቲያናት እያስተዳደሩ፣ 150,000 ገደማ የነባር ሕዝቦች ልጆች ገብተውባቸዋል። ከ1920 ወዲህ መግባቱ በሕግ ግዴታ ሆነ። ልጁ ቋንቋውን ከተናገረ ይገረፋል፤ ፀጉሩ ይቆረጣል፤ እኅትና ወንድም በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ እንዳይገናኙ ይደረጋል። ብዙዎቹ ተደብድበዋል፣ ተደፍረዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ሞተዋል። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር በሰኔ 2008 በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ፤ ጉዳዩን ያጣራው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽንም በ2015፣ 94 የተግባር ጥሪዎችን አወጣ።

ይህ ታሪክ ከዛሬዋ የ19 ዓመት ነፍሰ ጡር ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። እናትነት በአብዛኛው ከመታቀፍ የሚለመድ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ የምናውቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ እናታችን ታናሻችንን ስታዝል አይተን ነው። የዚያች ነፍሰ ጡር አያት በስድስት ዓመቷ ከቤት ተወስዳ በ16 ዓመቷ የተመለሰች እንደሆነ ግን ያንን ከማን ታየዋለች? ቁስሉን ይዛ ወለደች፤ ቁስሉን ለማስታገስ ጠጣች፤ ልጇም ያንን እያየች አደገች። የኦጂብዌ ተወላጅ የሆነችው ተመራማሪ ኤሚ ቦምቤይና ባልደረቦቿ፣ የአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበሩ ሰዎች ልጆች ድባቴና ጭንቀት እንደሚበዛባቸው፣ ብዙ ትውልድ በተከታታይ የገባበት ቤተሰብ ደግሞ የበለጠ እንደሚጎዳ አሳይተዋል።

ትምህርት ቤቶቹ መዘጋት ሲጀምሩ የልጅ ነጠቃው አላበቃም፤ መልኩን ለወጠ። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት፣ በተለመደው ግምት 20,000 ገደማ፣ ከቤተሰባቸው ተወስደው ለነጭ ቤተሰቦች በጉዲፈቻ ተሰጡ። ዛሬስ? በ2021 ቆጠራ ከ15 ዓመት በታች ካሉት የካናዳ ልጆች የነባሮቹ ድርሻ 7.7 በመቶ ሲሆን፣ በአሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ ካሉት መካከል ግን 53.8 በመቶ ናቸው። ከዚህ ዳሰሳ አንድ ቁጥር ብቻ በአእምሮው የሚይዝ አንባቢ ካለ ይህን ይያዝ። ልጆቹ የሚወሰዱበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ «ቸልተኝነት» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሲገለጥ ግን ድህነት፣ የተጨናነቀ ቤትና የወላጅ ሱስ ነው። የካናዳ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ጉባኤ በጥር 2016 የፌዴራሉ መንግሥት ለፈርስት ኔሽንስ ልጆች አገልግሎት ከሚገባው ያነሰ ገንዘብ እየሰጠ አድሎ ፈጽሟል ብሎ ፈርዷል። ክሱን ለዓመታት የገፋችው ሲንዲ ብላክስቶክ ናት። ለቤተሰብ ድጋፍ የሚሆን ገንዘብ ጠፍቶ ልጅ ለመውሰጃ ግን ይገኝ ነበር።

በአሳዳጊ ቤት ያደገች ልጅ 18 ወይም 19 ዓመት ሲሞላት አብዛኛው ድጋፍ ለረጅም ዘመን ይቋረጥባት ነበር። ያኔ ወዴት ትሄዳለች ታዲያ? ከ2003 ጀምሮ በቫንኩቨርና በፕሪንስ ጆርጅ ከተሞች የተካሄደው የሴዳር ፕሮጀክት የዚህን መንገድ መጨረሻ ያሳያል። ፕሮጀክቱ ዕፅ የሚጠቀሙ 600 ገደማ የነባር ሕዝቦች ወጣቶችን፣ ሲጀመር ከ14 እስከ 30 ዓመት የነበሩትን፣ እየተከተለ ያጠና ነው፤ በበላይነት የሚመሩትም የነባሮቹ ሽማግሌዎችና የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ወላጃቸው በአዳሪ ትምህርት ቤት ያለፈ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት ከወላጆቻቸው ተነጥለው ያደጉ ናቸው፤ ከሴቶቹ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ተደፍረዋል። ለእንዲህ ያለች ልጅ ዕፁ ማስታገሻ ነው። ብዙ ጊዜ ዕፁን የሚያመጣላት፣ ማደሪያ የሚሰጣትና የሚመታት ያው አንድ ወንድ ነው። አቁሚ ስትባል ማደሪያዋንም አብራ ልታጣ ነው።

ስለ ቤትና ስለ መሬት ብዙ ማለት ይቻላል፤ በአጭሩ ላልፈው። በ2021 በኢኑዊት ምድር ከሚኖሩ ኢኑዊቶች ከግማሽ በላይ የሆኑት በተጨናነቀ ቤት ውስጥ ነበሩ። በሰሜን ኦንታሪዮ የምትገኘው ኔስካንታጋ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ የተባለችው በ1995 ነው፤ ማስጠንቀቂያው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ዘልቋል። ሰባትና ስምንት ሰው በሚያድርበት ቤት ሌላው እያጨሰና እየጠጣ፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ብቻዋን ትቋቋም ማለት ቀላል አይደለም። ሩቅ ሰሜን ያለች እርጉዝ ደግሞ መውለጃዋ ሳምንታት ሲቀሩት ብዙ ጊዜ በአውሮፕላን ወደ ደቡብ ከተማ ትላካለች። እናቷም፣ አክስቷም፣ ሌሎቹ ልጆቿም የሉም፤ ቋንቋዋን በማይናገር ከተማ፣ በእንግዳ ማረፊያ፣ ምጡን ብቻዋን ትጠብቃለች። ለማቆም እየታገለች ላለች ሴት ከዚህ የባሰ ወቅት ማሰብ ይከብደኛል።

የዚህ ጽሑፍ እምብርት የሚከተለው ነው።

እኛ ዘንድ ሴት ስትወልድ ደጁ ይሞላል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚገባው ይበዛል፤ ገንፎው ይገነፋል፤ አራሷ አልጋ ላይ ሆና ልጇን ታቅፋ ትመሰገናለች። አሁን የሚከተለውን አስቡ። በካናዳ «የወሊድ ማስጠንቀቂያ» የሚባል አሠራር ለአሥርት ዓመታት ነበር። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ አንዲትን ነፍሰ ጡር ለሚወለደው ልጅ ታሰጋለች ብላ ካመነች፣ እናቲቱ ሳታውቅ፣ በየሆስፒታሉ መልእክት ታስተላልፋለች። ሴትየዋ ምጥ ይዟት ስትመጣ አዋላጆቹ ይደውላሉ። ልጁ በተወለደ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከእናቱ ጉያ ሊወሰድ ይችላል። ማስጠንቀቂያው የሚወጣው አንዳንዴ እናቲቱ ራሷ በልጅነቷ በአሳዳጊ ቤት ስላደገች ብቻ ነበር። ተነጥቃ ማደጓ ልጇን ለመንጠቅ ማስረጃ ሆነባት። የጠፉና የተገደሉ ነባር ሴቶችን ጉዳይ የመረመረው ብሔራዊ አጣሪ በሰኔ 2019 ይህ አሠራር ባስቸኳይ ይቁም አለ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በዚያው ዓመት መስከረም፣ ማኒቶባና ኦንታሪዮ በ2020፣ ሳስካችዋን በ2021 አቆሙት።

ወረቀቱ ቢቆምም ፍርሃቱ አልቆመም። ዕፅ የምትወስድ ነፍሰ ጡር ክትትል ካልመጣች «ግድ የላትም» ይባላል፤ የማትመጣው ግን ግድ ስላላት፣ ልጇን ላለማጣት ነው። ክትትል ሲቀር የደም ማነስም፣ ቂጥኝም፣ ግፊትም ሳይታይ ይቀራል። እነዚህ ለፅንሱ ከዕፁ የማያንስ አደጋ አላቸው።

ልጁ ከተወሰደ በኋላ የሚሆነውን ደግሞ ከማኒቶባ የወጡ ጥናቶች በግልጽ አስቀምጠውታል። ኤልዛቤት ዎል-ዊለርና ባልደረቦቿ ልጃቸው በመንግሥት የተወሰደባቸውን እናቶች ልጃቸው ከሞተባቸው እናቶች ጋር አነጻጸሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት ድባቴውም፣ ጭንቀቱም፣ የሱስ ሕመሙም የበዛው ልጃቸው በተወሰደባቸው ላይ ነበር። ለሞተ ልጅ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ጎረቤት ይመጣል፤ ያጽናናል። ለተወሰደ ልጅ ማንም አይመጣም፤ እናቲቱም «የእጇን አገኘች» ትባላለች። በሴዳር ፕሮጀክትም በቅርብ ልጃቸው የተወሰደባቸው ወጣት እናቶች ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው ነገር ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ለሱሷ መልስ ይሆናል ተብሎ ልጁ መወሰዱ ሱሱን ያባብሰዋል፤ ቀጣዩም እርግዝና የሚጀምረው በዚያ ሐዘን ውስጥ ነው።

እነዚህን እናቶች ከሐኪም ደጅ የሚያርቃቸው ሌላው ነገር ንቀት ነው። ጆይስ ኤቻኳን የአቲካሜኩ ሕዝብ ተወላጅ፣ የ37 ዓመት ሴት፣ የሰባት ልጆች እናት ነበረች። በመስከረም 2020 በኬቤክ ጆሊየት ከተማ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና፣ ሠራተኞች ሲሰድቧትና ሲያላግጡባት በስልኳ በቀጥታ አሰራጨች፤ በዚያው ቀን ሞተች። ሱሰኛ ናት ተብሎ ስለተደመደመ ሕመሟ በወጉ አልታየም። የሞቷን መንስኤ የመረመሩት ባለሥልጣን በ2021 ባወጡት ዘገባ ዘረኝነትና ጭፍን ግምት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጋቸውን ጽፈዋል። ጆይስ ነፍሰ ጡር አልነበረችም። ያንን ቪዲዮ ያየች የ20 ዓመት እርጉዝ ግን ለነርሷ «ትናንት ወስጃለሁ» ብላ እውነቱን የምትናገርበት ምክንያት ምንድን ነው?

አንድ የሕክምና ነጥብ እዚህ ላይ መግባት አለበት፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። ሄሮይን ወይም እንደ ኦክሲኮዶን ያለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ የለመደች ነፍሰ ጡር በአንድ ቀን አቁሚ አትባልም። ድንገት ማቋረጥ ፅንሱን ይጎዳል፤ ሴቲቱም ብዙ ጊዜ ትመለስበታለች፤ ስትመለስ ሰውነቷ አልለመደውምና መጠኑ ይገድላታል። የሚመከረው ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን በሐኪም ክትትል መውሰድ ነው። የሰሜን ኦንታሪዮ የፈርስት ኔሽንስ ኅብረት፣ ኒሽናውቤ አስኪ ኔሽን፣ በ2009 በሐኪም በሚታዘዙ መድኃኒቶች ሱስ የተነሣ የአደጋ ጊዜ አዋጅ አውጆ ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ ሩቅ መንደሮች ቡፕረኖርፊን በመንደሩ ውስጥ መሰጠት ጀመረ፤ ሰውም ከቤተሰቡ ሳይለይ መታከም ቻለ። ከተማ ካሉት የማገገሚያ ማዕከላት ግን ብዙዎቹ እስከዛሬ ነፍሰ ጡርን፣ ይልቁንም ሌላ ልጅ የያዘችን፣ አይቀበሉም።

የሚሠራ ነገርስ አለ ወይ? አለ። በቫንኩቨር ዳውንታውን ኢስትሳይድ በተባለው የድሆች ሠፈር በ1993 የተከፈተው ሺዌይ የተባለ ማዕከል አለ፤ ስሙ በአካባቢው የኮስት ሴይሊሽ ሕዝቦች ቋንቋ እድገት ማለት ነው። እዚያ የምትገባ ነፍሰ ጡር አስቀድማ ትበላለች፤ ትኩስ ምሳ አለ፤ ዳይፐርና የሕፃን ልብስ አለ፤ አዋላጇ፣ ሐኪሙና ማኅበራዊ ሠራተኛዋ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ለመታከም መጀመሪያ አቁመሽ ነይ የሚላት የለም። በዚያው ከተማ በሴቶች ሆስፒታል ውስጥ በ2003 የተከፈተው ፈር ስኩዌር የተባለው ክፍል ደግሞ እናትና ልጅን አይለያይም። በሌላው ቦታ ዕፅ የለመደች ሴት የወለደችው ሕፃን ተነጥሎ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይወሰድ ነበር። እዚህ ግን ሕፃኑ ሲንቀጠቀጥና ሲነጫነጭ እናቱ ደረቷ ላይ አስተኝታ፣ ጡቷን ሰጥታ፣ መብራቱን ቀንሳ ታባብለዋለች። ጥናቶች እንዳሳዩት ከእናታቸው ጋር የቆዩት ሕፃናት ሞርፊን የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ከእናታቸው ጋር ወደ ቤት የመሄድ ዕድላቸውም ሰፍቷል። መድኃኒት ሆና የተገኘችው ራሷ እናቲቱ ናት።

ገንዘብም ይሠራል። ማኒቶባ ከ2001 ጀምሮ ለድኻ ነፍሰ ጡሮች ለዓመታት በወር እስከ 81.41 የካናዳ ዶላር ትሰጥ ነበር፤ በምን አወጣሽው የሚል አልነበረም። ዶላሩን ለመጠጥ ያውሉታል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የማርኒ ብራውኔል ቡድን ባደረገው ምርምር ግን ገንዘቡ በደረሳቸው የፈርስት ኔሽንስ እናቶች ዘንድ ያለቀናቸውና በዝቅተኛ ክብደት የሚወለዱ ሕፃናት ቀንሰዋል፤ ጡት የሚያጠቡትም በዝተዋል። በኬቤክ ሰሜን በፑቪርኒቱክ ደግሞ ከ1986 ጀምሮ የኢኑዊት አዋላጆች በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው መንደር ያዋልዳሉ።

ለሕፃኑ ማን ይቆማል የሚለውን ሥጋት አላቃልለውም። መጠጥ በማኅፀን ያለን አእምሮ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፤ ጉዳቱም ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። የእውነትና የእርቅ ኮሚሽኑ ራሱ በ33ኛው ጥሪው ይህን ጉዳት መከላከል ቅድሚያ ይሰጠው ብሏል፤ ያንን የሚያደርጉት ግን ከነባሮቹ ጋር አብረው፣ ለባህላቸው በሚስማማ መንገድ ይሁን ሲል ነው። አንዳንድ ልጅ ከቤት መውጣት የሚኖርበት ጊዜ ይመጣል፤ ያኔም ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ዘንድ መቆየት ይችላል። ከጥር 2020 ጀምሮ የጸናው የፌዴራል ሕግ ነባር ሕዝቦች የልጆቻቸውን ጉዳይ በራሳቸው ሕግ እንዲያስተዳድሩ አውቋል፤ ከመንጠቅ በፊት መከላከልንና የእርግዝና ክብካቤን ያስቀድማል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በየካቲት 2024 አጽንቶታል። እስካሁን የደከመው ገንዘቡና አፈጻጸሙ ነው።

በዊኒፔግ፣ በኤድመንተን፣ በካልጋሪና በቶሮንቶ ሆስፒታሎች፣ በመጠለያዎችና በአሳዳጊ ቤቶች የምትሠሩ ብዙ ወገኖቻችን አላችሁ፤ ነርሶች፣ ረዳቶች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ የሌላ ሰው ልጅ ተቀብላችሁ የምታሳድጉም። እነዚህን ወጣት እናቶች በሌሊት ፈረቃ የምታገኟቸው እናንተ ናችሁ። አዲስ የመጣ ሰው የአገሩን ሐሜት ቶሎ ይማራል፤ «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» የሚለውን ከሥራ ባልደረባ ሰምታችሁ ይሆናል። እባካችሁ አትቀበሉት። ከእነዚህ እናቶች አንዷ ወልዳ ብቻዋን የተኛች እንደሆነ፣ ደጇን የሚያንኳኳ ዘመድ ከሌላት፣ ግቡና በምታውቁት ቋንቋ እንኳን ማርያም ማረችሽ በሏት።